የ59 ቮልስ የፊት መስታወት ማንም ሳይነካው ተሰነጠቀብኝ (ጎንደር)

የአባቴ_ቮልስ · ግንቦት 22፣ ከምሽቱ 2፡10

እንደምን አመሻችሁ። ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ነው ያለሁት። አባቴ ያወረሰኝ ቮልስ አለችኝ። ነጭ ናት፤ ጧት ስትነሳ ሰፈሩን በሙሉ ትቀሰቅሳለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጋቢት ላይ ከአዘዞ ስመለስ ጠጠር የጫነ ገልባጭ ከፊቴ ነበር። አንዷ ጠጠር ተፈናጥራ የፊት መስታወቱን መታችው። የሸረሪት ድር መሰለ። ከተማ ውስጥ አንድ መስታወት ቤት ወሰድኳት። የድሮውን መስታወት አስተኝተው በልኩ አዲስ ቆረጡልኝ። መስታወቱን ዙሪያውን የሚይዘውን ጎማ «ገና ነው፣ ይሠራል» ብለው እሱኑ መለሱት። ዙሪያውን ሲሊኮን ሞሉበት። ከፍዬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ጧት ስነሳ ከታች ከቀኝ ጥግ ተነስቶ እስከ መሐል ተሰንጥቋል። ግቢ ውስጥ ነው ያደረችው፣ በሩም ዝግ ነበር። መስታወት ቤቱ «ድንጋይ መቶት ነው» አለኝ። ያለፈው እሑድ ደግሞ ዝናብ ጣለ፣ እግሬ ሥር ባልዲ የተደፋ መሰለ።

አሁን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚሠራ ሰው መስታወቱን ከነጎማው አገኛለሁ ብሎኛል። ሞዴሉን ሲጠይቀኝ 1959 አልኩት። ነገ ብር ልልክለት ነው። ከመላኬ በፊት የምትሉኝ ካለ በሉኝ። ክረምቱ እየደረሰ ነው፣ ሰኔና ሰኞ እንዳይገጥምብኝ።

ቮልሴ_ነፍሴ · ግንቦት 22፣ ከምሽቱ 2፡31

ብሩን አትላክ!! 1959 ያልከው በማን አቆጣጠር ነው?

የአባቴ_ቮልስ · ግንቦት 22፣ ከምሽቱ 2፡40

አባቴ ደብተሩ ላይ «ቮልስ 1959» ብሎ ጽፎታል። ሊብሬው ደብዝዞ አይነበብም። በማን አቆጣጠር እንደሆነ አስቤው አላውቅም እኮ።

ባለ_ባጃጁ · ግንቦት 22፣ ከምሽቱ 2፡44

የኔም ባጃጅ መስታወት በጎማ ነው የተያዘው። ኮብልስቶን ላይ ስሄድ ይንቀጫቀጫል። ክሩን (ይህን ውይይት) እየተከታተልኩ ነው፣ ቀጥሉ 😄

ቮልሴ_ነፍሴ · ግንቦት 22፣ ከምሽቱ 3፡05

ወንድም ዓለም፣ የኋላውን መቀመጫ አንሳው። መሐል ለመሐል እንደ ጉብታ ሆኖ የሚያልፍ ላሜራ አለ። እሱ ላይ የሻንሲ ቁጥር ተመትቷል። በጨርቅ ጥረገውና የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቁጥሮች ጻፍልኝ። ሙሉውን እዚህ አትለጥፍ።

የምጠይቅህ ለጨዋታ አይደለም። የቮልስ የፊት መስታወት አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በፈረንጅ ከ1958 እስከ 1964 ያለው አነስ ያለና ዝርግ ነው። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ወደ 11 በመቶ ያህል ሰፋ፣ ቆልመምም አለ። በዓይን ብዙ አይታወቅም። ቀጥ ያለ ጣውላ ብታስደግፍበት ግን ክፍተቱ ይታይሃል። 1303 የሚሉት ሞዴል፣ የ1973 እና ከዚያ ወዲህ ያለው ደግሞ ጭራሽ የተጎበጠ ነው። ጎማቸውም አንዱ ለአንዱ አይሆንም።

ሰውየው 1959ን በፈረንጅ ከቆጠረው ትንሹን ይልክልሃል። ዓባይ በረሃን አቋርጦ መጥቶ ግድግዳ ላይ የምትሰቅለው መስታወት ይሆናል።

የአባቴ_ቮልስ · ግንቦት 23፣ ከጧቱ 1፡20

በሞባይል መብራት አይቼው መጣሁ። 117 ነው የሚለው።

ቮልሴ_ነፍሴ · ግንቦት 23፣ ከጧቱ 1፡35

በቃ ተፈታ። 11 የመኪናው ዓይነት ነው። ሦስተኛዋ ቁጥር ከ1965 ወዲህ የሞዴሉን ዓመት ትነግርሃለች። 7 ማለት 1967። የ67 ሞዴል ፋብሪካ ውስጥ መሠራት የጀመረው በፈረንጅ ነሐሴ 1966 ነው። ስለዚህ አባትህ አልተሳሳቱም፣ በሐበሻ ነው የጻፉት። ለሰውየው «117፣ የ67 ሞዴል፣ ትልቁ» በለው። 1959 የሚለውን ቃል እንዳታነሳበት።

ማንም ሳይነካው የተሰነጠቀውም ለምን እንደሆነ ገባኝ። ዝርግ መስታወት ቆርጠው ቆልመም ያለ ቦታ ላይ በግድ አስቀመጡት። ተወጥሮ ኖረ። አንድ ሌሊት ብርድ ሲነካው ለቀቀ።

አያ_መካኒክ · ግንቦት 23፣ ከቀኑ 7፡15

ጤና ይስጥልኝ ልጆቼ። እኔ ጡረታ የወጣሁ መካኒክ ነኝ፣ አዘዞ ነው የምኖረው። የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ።

ስለ ቆልማማነቱ የተባለው ልክ ነው። ግን እሱ ብቻ ከሆነ መሐሉ ላይም ሊሰነጠቅ ይችል ነበር። የአንተ ከጥግ ነው የተነሳው። ከጥግ የተነሳ ስንጥቅ ስታይ መስታወቱን ከማማትህ በፊት ጎማው ሥር ያለውን ላሜራ እይ። ያቺ መስኮቱን ዙሪያውን የምትይዘው ስስ ከንፈር አለች፣ ጎማው የሚነክሳት። እዚያ ላይ ዝገት አብጦ ከሆነ፣ ወይም አንድ ቀለም ቀቢ ስቱኮ ከምሮ ካለፈ፣ ጎማው ቦታ ያጣል። መስታወቱ ያንን ጉብታ በጠርዙ ይሸከማል። የመስታወት ደካማው ቦታ ደግሞ ጠርዙ ነው። ፊቱን በመዳፍህ ብትመታው ይችልሃል፣ ጠርዙን በካቻቢቴ ጫፍ ጫር ብታደርገው ግን ቂም ይይዛል።

እኔ በዘመኔ ጋራዥ ስሠራ «መስታወት ቀይርልኝ» ብሎ የመጣን ሰው ሁሉ መጀመሪያ ጎማውን አውልቄ ላሜራውን ነበር የማሳየው። ብዙው ይናደዳል። አንተም ሊያናድድህ ይችላል። መስታወቱ እስኪመጣ ያንን የተሰነጠቀ አውጣው፣ ጎማውን ቆርጠህ ጣለው፣ ከሥሩ ያለውን ፎቶ አንስተህ እዚህ አምጣ።

ስታወጣው ጎማውን በስለት ከውጭ በኩል ክፈተው። ከውስጥ በእግርህ አትግፋ። ጓንት አድርግ፣ መነጽርም አድርግ።

የአባቴ_ቮልስ · ግንቦት 23፣ ከቀኑ 8፡02

እሺ ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደርጋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። አባቴ ራሱ «ያቺ ጥግ ትጮኻለች» ይል ነበር፤ አሁን ነው ትዝ ያለኝ።

ታክሲ_ነበርኩ · ግንቦት 23፣ ከምሽቱ 1፡50

እናንተ ነገር ታበዛላችሁ። እኔ ላዳ 12 ዓመት ነድቻለሁ። ጎማዋ በሰበሰ፣ ሲሊኮን አደረግኩባት፣ አለቀ። አንድ ቀን ጠብ አላለችም። የ50 ዓመት መኪና ላይ ይህን ሁሉ ማሰብ ምንድነው?

ቮልሴ_ነፍሴ · ግንቦት 23፣ ከምሽቱ 2፡08

ላዳዋ አሁን የት ነች?

ታክሲ_ነበርኩ · ግንቦት 23፣ ከምሽቱ 2፡11

ሸጥኳታ።

ቮልሴ_ነፍሴ · ግንቦት 23፣ ከምሽቱ 2፡12

የገዛህን ሰው ጠይቀው እስቲ 😂

አያ_መካኒክ · ግንቦት 24፣ ከጧቱ 3፡30

ታክሲ ነበርኩ ያልከው ልጄ አትናደድ። ሲሊኮን ውኃ ማቆሙ እውነት ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። የቤት መሥሪያ ዕቃ መደብር ውስጥ የሚሸጠው ብዙው ሲሊኮን ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ያ ሽታ አሲድ ነው። ባዶ ላሜራ ላይ ሲያርፍ ዝገቱን ይቀሰቅሰዋል። ከላይ ሲታይ ጠብ አይልም። ከሥር ግን ይበላል። ሁለተኛው ጣጣ፣ ሲሊኮን የነካው ቦታ ላይ በኋላ ቀለም እንኳ አይይዝም። የተጣራ እስኪሆን መፋቅ ነው ዕዳው።

ማሸጊያ ካስፈለገ የማይደርቅ፣ እንደ ማስቲካ ሆኖ የሚቆይ ጥቁር ማስቲሽ አለ። ለመኪና ተብሎ ይሸጣል። እሱን በጎማውና በላሜራው መሐል በስሱ ማድረግ ይቻላል። አዲስ ጎማ በንጹሕ ላሜራ ላይ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ እሱም አያስፈልግም።

ታክሲ_ነበርኩ · ግንቦት 24፣ ከጧቱ 4፡00

እሺ አያ፣ ተቀብያለሁ። ኮምጣጤ መሽተቱ ግን እውነት ነው 😅

የአባቴ_ቮልስ · ሰኔ 2፣ ከምሽቱ 12፡40

አያ መካኒክ ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ፎቶው ከሥር አለ፣ ለማየት ልብ ያላችሁ እዩት።

ሲሊኮኑን ስፍቅ ከታች ከቀኝ ጥግ ስቱኮው እንደ ቅርፊት ተነሳ። የጣት ውፍረት ግማሽ ይሆናል። ከሥሩ ያለውን ዝገት በካቻቢቴ ነካ ሳደርገው ካቻቢቴው አለፈ። ሁለት ቀዳዳ። ስንጥቁ የተነሳው ልክ ከዚያው ቦታ ነው፣ ከስቱኮው ጫፍ። በግራ በኩል ትንሽ አብጧል እንጂ አልተበላም።

ጎማው ራሱ በእጄ ሳጥፈው ተሰበረ። እንደ ድርቆሽ እንጀራ።

አያ_መካኒክ · ሰኔ 2፣ ከምሽቱ 2፡00

አይዞህ፣ ይህ ገና ቀላሉ ነው። ቀዳዳውን በስቱኮ አትድፈነው፤ እሱ ነው እዚህ ያደረሰህ። ላሜራ ሠሪው የተበላውን ቆርጦ በልኩ ስስ ላሜራ ይበይድበት። ብየዳውን ያስተካክል፣ ጉብታ እንዳይተው። የቀረውን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፍቁት። አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) ቀቡ፣ ከዚያ ስስ ቀለም። በደንብ ይድረቅ። ሳይደርቅ ጎማ ብትጭንበት ቀለሙ ከጎማው ጋር ይጣበቅና ሲላጥ ወደ ድሮህ ትመለሳለህ።

ሲጨርስ ጣትህን ዙሪያውን አስኪደው። ጣትህን ያደናቀፈች ጉብታ መስታወቱንም ታደናቅፈዋለች።

ሰማያዊ_ቪትዝ · ሰኔ 3፣ ከቀኑ 6፡25

ይቅርታ ክሩን ላጣምም። የኔ ቪትዝ ናት፣ እሷም ትንሽ ስንጥቅ አላት። እኔም ጎማውን ምናምን ቀይሬ ራሴ ልሞክር?

ቮልሴ_ነፍሴ · ሰኔ 3፣ ከቀኑ 6፡50

እህት ዓለም በፍጹም። የአንቺ ዓይነት መኪና መስታወቱ በጎማ አልተያዘም፣ በማጣበቂያ ነው የተለጠፈው። ዙሪያው ላይ የምታዪው ጎማ ጌጥ ነው ማለት ይቻላል። መስታወቱ የመኪናው አጥንት አካል ነው፤ መኪናው ቢገለበጥ ጣሪያውን ይደግፋል፣ የተሳፋሪው ኤርባግ ሲፈነዳም እሱን ተደግፎ ነው የሚነፋው። ትክክለኛው ማጣበቂያ ከነፕራይመሩ (ቀድሞ ከሚቀባው) ያስፈልጋል። ከተለጠፈ በኋላም ቱቦው ላይ የተጻፈው ሰዓት እስኪሞላ መንዳት የለም። «አሁኑኑ ይዘሽው ሂጂ» የሚልሽ ካለ ቁልፍሽን ተቀብለሽ ሌላ ቤት ሂጂ።

ሰማያዊ_ቪትዝ · ሰኔ 3፣ ከቀኑ 6፡58

ገባኝ፣ ተመስገን ጠየቅኩ።

ባለ_ባጃጁ · ሰኔ 3፣ ከቀኑ 7፡10

እኔስ ተራ የቤት መስኮት መስታወት አስቆርጬ ባስገባ? ሳሎናችን ላይ የተረፈ አለ።

ቮልሴ_ነፍሴ · ሰኔ 3፣ ከቀኑ 7፡22

ወዳጄ፣ የሳሎን መስታወት ሲሰበር ቢላዋ ነው የሚሆነው። የመኪና የፊት መስታወት ሁለት ስስ መስታወት ሆኖ መሐሉ ላይ ፕላስቲክ አለው። ሲመታ ይሰነጠቃል እንጂ ፊትህ ላይ አይዘንብም። የአባቴ ቮልስ ድንጋይ ሲመታው የሸረሪት ድር ሆኖ የቆመው በዚያ ፕላስቲክ ነው። ሲቆረጥልህ ጠርዙን በጎን እየው፤ መሐሉ ላይ መስመር ካልታየህ አትውሰደው።

የአባቴ_ቮልስ · ሰኔ 11፣ ከምሽቱ 1፡15

መስታወቱ ደረሰ! በብርድ ልብስና በካርቶን ተጠቅልሎ፣ በጠርዙ ቆሞ ነው የመጣው። ሰውየው አስተኝቶ መጫን እንደማይገባ ለሹፌሩ ሦስት ጊዜ ነግሮታል። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፣ ባለቤቴም ይህን ክር ታነባለች።

ጎማው አዲስ ነው፣ ኒኬሉም (ጎማው ላይ የሚገባው የሚያብረቀርቅ ጌጥ) አለ። ላሜራው ተበይዶ፣ ተቀብቶ፣ ስምንት ቀን ደርቋል። ቅዳሜ ልንገጥም ነው። ወንድሜና አንድ ጎረቤት አሉ። መስታወቱን በገመድ ስቦ የማስገባቱን ነገር አንድ ሰው በዝርዝር ይጻፍልኝ።

ቮልሴ_ነፍሴ · ሰኔ 11፣ ከምሽቱ 2፡30

እሺ፣ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ጎማውን ቅዳሜ ጧት ፀሐይ ላይ አስጣው። ብርድ ያደነደነው ጎማ አይታዘዝም። ጠረጴዛ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፉና መስታወቱን አስተኙት። ጎማውን ዙሪያውን አልብሱት፣ ጥጎቹን መጀመሪያ። ኒኬሉን አሁን ነው የምታስገቡት፣ መኪናው ላይ ከገባ በኋላ አይሆንም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው አልቅሶ ሁሉንም መልሶ የሚያወጣው።

ከዚያ ሲባጎ ውሰዱ። የእርሳስ ግማሽ ውፍረት ያለው፣ የማይበጠስ ይሁን። ላሜራዋን በሚነክሰው የጎማው ቦይ ውስጥ ዙሪያውን ቅበሩት። ሁለቱ ጫፎች ታች መሐል ላይ ይገናኙ፣ አንድ ክንድ ያህል ይተላለፉ፣ ወደ ውስጥ ይንጠልጠሉ። ቦዩንና ላሜራውን የሳሙና ውኃ ቀቡት። ዘይት፣ ግሪስ፣ ቫዝሊን የሚባል ነገር እንዳይነካው፤ ጎማ ያሳብጣል።

የዝናብ መጥረጊያዎቹን አስቀድመህ ፍታቸው። ሁለት ሰው ከውጭ መስታወቱን ታችኛውን አስቀድሞ ቦታው ላይ ያስቀምጥ። አንዱ ውስጥ ገብቶ ሲባጎውን ቀስ እያለ ወደ ራሱ ይሳብ። ሲባጎው ሲወጣ የጎማውን ከንፈር ከላሜራው በላይ እያሻገረ ያመጣዋል። ውጭ ያለው ሰው ሲባጎው በደረሰበት ቦታ ልክ በመዳፉ ጠፍ ጠፍ ያድርግ። መጀመሪያ ታችኛው፣ ከዚያ ሁለቱ ጎኖች፣ መጨረሻ ላዩ። አትቸኩሉ። ከተያዘ አቁሙና ሳሙና ጨምሩ።

ታክሲ_ነበርኩ · ሰኔ 11፣ ከምሽቱ 2፡41

ሳሙና በር ሰፈር ያላችሁ ጎንደሮች ሳሙና አላችሁ ወይ አይባልም መቼም 😂

የአባቴ_ቮልስ · ሰኔ 14፣ ከምሽቱ 1፡30

ገብታለች። ግን ታሪክ አለው።

መጀመሪያ ሲባጎው ላይ ስስት አደረግን። ወንድሜ ከሱቅ ያመጣው የከረጢት መስፊያ ነበር። ግራ ጎኑ ላይ ስንደርስ ጠብ ብሎ ተበጠሰ። ግማሹ ጎማ ገብቷል፣ ግማሹ ውጭ ነው። ጎረቤታችን «በካቻቢቴ ፈልቅቀን እንጨርሰው» አለ። እኔ አያ መካኒክ ስለ ጠርዝ የጻፉትን አስታውሼ አይሆንም አልኩ። ሁሉንም አውጥተን ከዜሮ ጀመርን። እናቴ የልብስ ማስጫ ገመድ ፈታ ሰጠችን። እንደ አዲስ ሳሙና ቀባን።

በሁለተኛው ላይኛው ቀኝ ጥግ ብቻ ትንሽ ተቃወመ። የጎማው ከንፈር ወደ ውስጥ ታጥፎ ቀርቶ ነበር። እዚያው ላይ ገመዷን አስገብተን እንደገና ሳብናት፣ ወጣ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። መጨረሻ ላይ ዙሪያውን ጠፍ ጠፍ ሳደርገው ድምፁ አንድ ዓይነት ነበር፤ የትም ቦታ ባዶ አይጮኽም።

አያ_መካኒክ · ሰኔ 14፣ ከምሽቱ 2፡05

ማውጣታችሁ ነው ጀግንነታችሁ። በል አሁን በጎማ ቱቦ ውኃ አፍስስበት፣ አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጦ ይይ። ከታች ጀምረህ ወደ ላይ ውጣ። ከላይ ከጀመርክ ሁሉንም አርሶ ከየት እንደገባ አትለየውም።

ጎማውን ደግሞ በየሦስት ወሩ ግሊሰሪን ቀባው። የጎንደር ፀሐይ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ነው የምትመታው፣ ለጎማ አትራራም። ቢቻል ከዛፍ ሥር አቁማት።

ጫት_የማይቅም_ሹፌር · ሰኔ 15፣ ከጧቱ 2፡00

ዛፉ ሥር ካቆማት ደግሞ ቅጠሉ ኮፈኑ ሥር ይከማቻል 😄

የአባቴ_ቮልስ · ሐምሌ 6፣ ከምሽቱ 3፡10

ይቅርታ ቆየሁ። ሐምሌ እንዴት እንደገባ ጎንደር ያላችሁ ታውቃላችሁ። ትናንት ከፒያሳ እስከ ቤት በበረዶ ነው የመጣሁት። መስታወቱ ዙሪያ ደረቅ ነው። በጣቴ አየሁት፣ ሶፍት አድርጌ አየሁት፣ ደረቅ።

ግን እግሬ ሥር አሁንም ትንሽ ይረጥባል። ጭንቅላቴን ይዤ ነበር። ዛሬ የቱቦውን ምርመራ በሩ ላይ ደገምኩት። በሩ ውስጥ ካለው ካርቶን ጀርባ መኖር ያለበት ላስቲክ የለም። በመስኮቱ በኩል የሚወርደው ውኃ ካርቶኑን አልፎ ወደ ውስጥ ነው የሚመጣው። ያኔ ባልዲ የመሰለው ሁለቱ አንድ ላይ ነበሩ ማለት ነው።

ቮልሴ_ነፍሴ · ሐምሌ 6፣ ከምሽቱ 3፡22

እሱማ ቀላል ነው። ወፍራም ላስቲክ ቁረጥና ለጥፍ፤ ታችኛውን ጫፍ ወደ በሩ ውስጥ አስገባው፣ ውኃው በበሩ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ይውረድ። ቀዳዳዎቹ በጭቃ እንዳልተደፈኑም እይ።

ባለ_ባጃጁ · ሐምሌ 6፣ ከምሽቱ 3፡40

ያንን የድሮውን ጎማ ጣልከው? ለባጃጄ ይሆን እንደሆነ ለሙከራ ፈልጌ ነበር።

የአባቴ_ቮልስ · ሐምሌ 6፣ ከምሽቱ 3፡44

ዘገየህ ወንድሜ። እናቴ ስብርባሪውን ሰብስባ የዶሮ ቤቱ ቆርቆሮ ጠርዝ ላይ በሚስማር መታዋለች። እዚያም ያፈሳል።

ታክሲ_ነበርኩ · ሐምሌ 6፣ ከምሽቱ 3፡46

ሲሊኮን አድርጉበት 😂